የሽንት ምርመራዬ ንጹህ ነው ይሉኛል፤ ታዲያ ፊኛዬ ለምን ያመኛል?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከእምብርቴ በታች፣ ፊኛዬ አካባቢ ሕመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሽንቴ እየሞላ ሲሄድ ይብስብኛል። ስሸና ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል፣ ከዚያ ደግሞ ይጀምራል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነሳለሁ። ኢንፌክሽን ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ፤ ለውጥ የለም። የመጨረሻዎቹ የካልቸር ውጤቶቼ ንጹህ ናቸው። አሁን ደግሞ ‹ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው› ተብያለሁ። ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ሁሉ ፈርቻለሁ። እውነት ከጭንቀት ነው? ካንሰር ይሆን? መዳኛስ አለው? ልጅ መውለድ እችላለሁ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሕመምዎ እውነተኛ ነው። ካልቸሩ ንጹህ ሆነ ማለት በናሙናው ውስጥ ባክቴሪያ አላደገም ማለት ብቻ ነው። ፊኛ ደግሞ ያለ ምንም ባክቴሪያ ክፉኛ ሊታመም ይችላል። እንዲያውም ያ ንጹህ ውጤት ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንድንፈልግ ይነግረናል። ፍንጩ እጅ ላይ እያለ «ምንም የለብሽም» ተብለው መመለስዎ በጣም ያሳዝናል።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሲሞላ ይብሳል፣ ሲሸኑ ይቀላል። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያስኬድ ችግር ብዙ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ሰው ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሮጠው «ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ ነው። እርስዎ የሚሮጡት ሕመሙን ለማስታገስ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሕክምናው ይለያያል። ከፊኛ ጋር የተያያዘ እንዲህ ያለ ሕመም ከ6 ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ኢንፌክሽንም ሆነ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሲታጣለት፣ «ኢንተርስቲሻል ሲስታይትስ» ወይም «የፊኛ ሕመም ሲንድሮም» ይባላል። እርስዎን ሳልመረምር ይኸው ነው ብዬ መደምደም አልችልም። የጻፉት ግን ወደዚያ ያመለክታል፤ ቀጣዩ ሐኪምዎም ይህን አስቦ እንዲመረምርዎ እፈልጋለሁ።

አዲስ የመጣ በሽታ አይደለም። ስያሜው በሕክምና ጽሑፍ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1887 አሌክሳንደር ስኪን በተባለ የማሕፀን ሐኪም ነው። ጋይ ሃነር የተባለ ሌላ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 በፊኛ ግድግዳ ላይ የሚታየውን ልዩ ቁስለት ገለጸ፤ ቁስለቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በሴቶች ላይ ይበዛል። ወንዶችንም ይይዛል፤ እነሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ፕሮስቴት ነው» እየተባለ ይታለፋል።

እንግዲህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? የፊኛ ውስጠኛ ገጽ ሽንት ወደ ሥጋው ዘልቆ እንዳይገባ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው። በብዙ ሕመምተኞች ላይ ይህ ሽፋን እንደሳሳ ይታሰባል። ሽንት ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ሌላው ጨው ሲሰርግ ከሥር ያሉትን ነርቮች ያስቆጣል። በአለርጂ ጊዜ የሚነቁት ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳትም ሂስታሚን የሚባል የሚያስቆጣ ኬሚካል ይለቃሉ። ይህ ሲደጋገም ነርቮቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ላይ ስስ ልብስ እንኳ ሲያርፍ እንደሚያመው፣ እንዲህ የሆነ ፊኛም ትንሽ ሽንት ሲገባበት «ሞላሁ፣ ተጎዳሁ» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ፊኛንና ማሕፀንን ከሥር የሚደግፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሕመሙን ለመከላከል ይጨመደዳሉ። የተጨመደደ ጡንቻ ደግሞ በራሱ ያማል። በዚህ ላይ የሆድ ዕቃ መታወክ፣ ማይግሬን ወይም መላ ሰውነትን የሚያም ፋይብሮማያልጂያ አብሮ የሚኖርባቸው ሰዎች አሉ። ይህ የሕመም ሥርዓቱ በአጠቃላይ ስስ እንደሆነ ያሳያል።

ስለዚህ ሁሉም ሕመምተኛ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ ዋናው ችግሯ የፊኛ ግድግዳ ነው። ሌላዋ ጡንቻው ነው። ሦስተኛዋ ሁለቱም። ለጎረቤት የሠራ መድኃኒት ለእርስዎ አልሠራም ማለት ተስፋ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱታል።

ወደ ካንሰሩ ጥያቄ ልምጣ። ይህ ሕመም ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። ነገር ግን ይህን ስም ከመስጠታችን በፊት ሌሎች በሽታዎችን ማጣራት ግዴታችን ነው። በሽንት ላይ ደም ከታየ፣ በዓይን ባይታይም በማይክሮስኮፕ ከተገኘ፣ በተለይ ሰውየው ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ዕድሜው የገፋ ከሆነ ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። ነጭ የደም ሴል በሽንት እየታየ ተራው ካልቸር ምንም ካላበቀለ የፊኛ ቲቢ መፈለግ አለበት፤ ቲቢ በተለመደው ካልቸር አይያዝምና። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ለኖረ ሰው እሱም ይጠየቃል። በሽንት ቱቦ ጫፍ ላይ የተቀረቀረ ጠጠር ልክ እንደ ፊኛ ሕመም ሊያታልል ይችላል። በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ ኢንፌክሽኖችም እንደዚሁ። ሕመምዎ ከወር አበባ ጋር አብሮ የሚነሳ ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስን፣ ማለትም የማሕፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበትን በሽታ፣ ለሐኪምዎ ያንሱ። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ እንደ ዕፅ የሚጠቀም ሰው ፊኛው በኃይለኛው ሊጎዳ እንደሚችልም ሐኪም ማወቅ አለበት። ስለዚህ የሚጠየቁትን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፣ ሲያዩት እንዲያውቁት። ሐኪሙ መጀመሪያ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ከዚያ ከእምብርት በታች ይዳስሳል። በማሕፀን ምርመራ ጊዜ በአንድ ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ ፊት ለፊት ፊኛው ያለበትን ግድግዳ ይጫናል። ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞሮ የዳሌ ወለል ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ ይጫናል። በየቦታው «እዚህ ያምዎታል? ያው የሚያውቁት ሕመም ነው?» ይላል። አንዳንዴ ሰውዬዋ «አዎ! እሱ ነው!» ብላ ትደነግጣለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊኛዬ ነው ስትለው የኖረችው ሕመም ከጡንቻ ሲነሳ ታየዋለች። ይህ ምርመራ ማሽን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ይህን ያላደረገ ሰው «ምንም የለም» የማለት መብት ያለው አይመስለኝም።

ሲስቶስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን ካሜራ ፊኛን ማየት፣ ለሁሉም ሰው የግድ አይደለም። የሃነር ቁስለት ከተጠረጠረ ግን ያስፈልጋል፤ ያለ ካሜራ ሊታወቅ አይችልም። ቁስለቱ ከተገኘ ደግሞ መልካም ዜና ነው ማለት ይቻላል። ቁስለቱን በኤሌክትሪክ መተኮስ ወይም ስቴሮይድ መውጋት ለብዙዎች ግልጽ እፎይታ ይሰጣል። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ሕክምናው ይደገማል።

እስከ ቀጠሮዎ ድረስ ግን አንድ ሥራ ልስጥዎት። ለሦስት ቀን የሽንት ማስታወሻ ይያዙ። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ጣሳ መጸዳጃ ቤት ያስቀምጡ። አንድ መስመር እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «ሌሊት 8:20፣ 90 ሚሊ ሊትር፣ ሕመም ከ10 ስድስት፣ ከሸናሁ በኋላ ሦስት።» ቀጥሎ፦ «ጠዋት 2:10፣ 150 ሚሊ ሊትር፣ ሕመም አራት፣ ቡና ጠጥቻለሁ።» በቃ፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ይህ ወረቀት ለሐኪም ብዙ ይናገራል። ጤነኛ ፊኛ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይዞ ነው የሚሸናው። በየጊዜው 90 እና 100 ከሆነ፣ ሌሊትም ከሕመም ጋር የሚያስነሳ ከሆነ፣ ፊኛው መሙላትን መታገሥ እንዳቃተው እናያለን። በየጊዜው 400 ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ብዙ መጠጣት ወይም የስኳር በሽታ ይሆን እንላለን። በቃል «ቶሎ ቶሎ እሸናለሁ» ማለት ይህን ሁሉ አይለይም።

ስለ ምግብና መጠጥ ብዙ ይባላል፤ እኔም የምለው አለኝ። ብዙ ሕመምተኞችን የሚያስቸግሩት ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጦች፣ አልኮል፣ ብርቱካንና ሎሚ፣ ቲማቲም፣ የሚያቃጥል ቅመም እና ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ናቸው። በከፍተኛ መጠን የሚወሰድ የቫይታሚን ሲ ክኒንም እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ሁሉንም ለዘላለም ይተዉ አልልዎትም። ሰው ሕመሙን ፈርቶ ምግቡን አንድ በአንድ እየቀነሰ በመጨረሻ ሩዝና ውኃ ብቻ ሲቀረው ማየት ያሳዝነኛል። የተሻለው መንገድ ይህ ነው። የተጠረጠሩትን ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ጊዜ ያቁሙ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ጥቂት ቀን እያረፉ ይመልሷቸው። ሕመሙን የሚቀሰቅስብዎትን ይለዩታል፤ የማይቀሰቅስብዎትን በሰላም ይበሉት። አንዳንዱን ሰው ምንም ምግብ አያስቸግረውም፤ እሱ ራሱን በከንቱ አያስርብ።

ውኃ ግን አይቀንሱ። ሽንት እንዳይመጣ ብሎ አለመጠጣት ሽንቱን ያወፍረዋል፤ የወፈረ ሽንት ደግሞ የተቆጣ ፊኛን የበለጠ ያቃጥላል። በአንዴ ሊትር ሙሉም አይጨልጡ። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፣ ማታ ወደ መኝታ ሲቃረቡ ይቀንሱ።

አሁን ወደ ጡንቻው። ምናልባት «የዳሌ ወለል ጡንቻሽን አጠንክሪ» ተብለው ኬግል የሚባለውን እንቅስቃሴ ጀምረው ከሆነ እባክዎ ያቁሙ። ለእርስዎ ዓይነት ሕመም ጡንቻው ደካማ ሳይሆን የተጨመደደ ስለሚሆን የበለጠ ማጥበቅ ያባብሰዋል። የሚያስፈልግዎ መልቀቅን መማር ነው። በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን ያጥፉ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ። አንድ እጅ ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ ቀስ ብለው ሲተነፍሱ ሆድዎ ከፍ ይበል፤ ደረትዎ አይደለም። ሽንት ሊጀምር ሲል የሚሰማዎትን የመላላት ስሜት አስታውሰው፣ ሳይገፉ፣ ከታች ያለው ሁሉ እንዲወርድ ይተዉት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ። በዳሌ ወለል ላይ የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኙ ጡንቻዎቹን በእጅ እየዳሰሰ ያላላልዎታል። ከሁሉም ሕክምናዎች መካከል ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ይህ ነው። ለምን እንደሚዘነጋ አይገባኝም።

ከመድኃኒቶች ብዙ ጊዜ የሚሞከረው አሚትሪፕቲሊን ነው። ወረቀቱ ላይ «የድብርት መድኃኒት» የሚል ሲያዩ «አየሽ፣ እብድ ናት ብለውኝ ነው» እንዳይሉ። የሚጀመረው ለነርቭ ሕመም በሚሆን በትንሽ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ነው፤ ማታ ከመኝታ በፊት ተውጦ ቀስ በቀስ ይጨመራል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ሆድ ያደርቃል። ማታ ስለሚያስተኛ ግን ለሌሊት መነሳቱም ይረዳል። የልብ ምት ችግር ያለበት ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት። ሌሎቹ ሂስታሚንን የሚከለክሉት ሃይድሮክሲዚን እና ሲሜቲዲን ናቸው። ፔንቶሳን ፖሊሰልፌት እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደ ክኒን ነው። ውጤቱ ወራት ይፈጃል። ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ላይ የዓይን ሬቲና ጉዳት ስለታየ ዓይን ሳይመረመር መጀመርም ሆነ መቀጠል አይገባም።

ክኒን ካልበቃ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ፊኛ ይገባል። ሲሰሙት ያስፈራል፣ ስለዚህ በዝርዝር ላስረዳዎት። ተኝተው በማደንዘዣ ጄል የተቀባ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው ይገባል፤ ጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። ያለው ሽንት ይወጣል፣ መድኃኒቱ ይገባል፣ ካቴተሩ ይወጣል። መድኃኒቱን ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘው ይቆዩና ይሸኑታል። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ከሆነ ሕመሙ እዚያው ሲረግብ ሊሰማዎት ይችላል። ሄፓሪን ብዙ ጊዜ አብሮት ይሰጣል። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ደግሞ ከተሰጠ በኋላ ትንፋሽ ላይ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ጠረን ያመጣል። ቀድመው ካላወቁት ያስደነግጣል፤ ያልፋል።

ከዚህ ያለፉም አሉ፤ ፊኛ ውስጥ የሚወጋው ቦቶክስ፣ ነርቭን የሚያነቃቃ መሣሪያ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚገታው ሳይክሎስፖሪን። ቦቶክስ ከተወጋ በኋላ አንዳንድ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ራሱን በካቴተር ማሸናት ሊኖርበት ይችላል፤ ይህን ሳይነግሩዎት አይስማሙ። ፊኛን በቀዶ ጥገና ማውጣት የመጨረሻው መጨረሻ ነው፤ አልፎ አልፎ ከወጣም በኋላ ሕመሙ ሳይጠፋ ይቆያል። እርስዎ ገና ከዚያ በጣም ሩቅ ነዎት።

አንቲባዮቲክ ግን በካልቸር ኢንፌክሽን ካልተረጋገጠ በቃዎት። ሲያገረሽብዎ «እንደ ድሮው ልዋጠው» ብለው ፋርማሲ አይሂዱ። መጀመሪያ ሽንትዎ ይመርመር፤ እውነተኛ ኢንፌክሽንም አልፎ አልፎ ሊደረብ ይችላል። ከሌለ፣ ማገርሸቱን እንደ ማገርሸት ያስተናግዱት። ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ ከሆድዎ በታች ወይም ከመቀመጫዎ ሥር፣ ለአንዳንዱ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ። ላላ ያለ ልብስ። ውኃ። ያ የመተንፈስ ልምምድ። ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ። የሽንት ማቃጠልን የሚያስታግሰውን ፌናዞፒሪዲን ከሰጡዎት ሽንትዎ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አይደንግጡ፣ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ በዓይን የሚታይ ደም ወይም ሽንት እምቢ ማለት ከመጣ ቤት አይቆዩ።

ሕመሙ ረገብ ሲል ፊኛውን ማለማመድ ይቻላል። አሁን በየሰዓቱ የሚሸኑ ከሆነ አሥር ደቂቃ ብቻ ያርዝሙት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲለምደው ሌላ አሥር ይጨምሩ። ሕመሙ ሲብስ ግን አይታገሉት። ማስታገሻ ሳያገኙ በኃይል መያዝ ነርቩን የበለጠ ያስቆጣዋል።

እውነት ከጭንቀት ነው? አይደለም። ጭንቀት ይህን ሕመም ከባዶ አይፈጥረውም። ያለውን ሕመም ግን ያንረዋል፤ ሕመም ደግሞ ያስጨንቃል። ሁለት ዓመት ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ባይጨነቅ ነው የሚገርመው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት ይጠቅማል፤ የፊኛውን ሕክምና ተክቶ ሳይሆን አብሮት ሲሄድ። አንድ ቀን «መኖር በቃኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ሳይውል ሳያድር ለሚያምኑት ሰውና ለሐኪም ይናገሩ። ረጅም ሕመም ሰውን እዚያ ድረስ ሊያደርስ ይችላል፤ ይህም ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ከባለቤትዎ ጋር ያለው ነገር ከሁሉ በላይ በዝምታ የሚታለፍ ነው፤ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ እሱ ማወቅ ያለበት፣ ሕመሙ አይተላለፍበትም፤ ከእሱም የመጣ አይደለም። የሸሹት እሱን ሳይሆን ሕመሙን እንደሆነ በግልጽ ይንገሩት፤ ባል ብዙ ጊዜ «ጠላችኝ» ብሎ ነው የሚያስበው። ከግንኙነት በፊትና በኋላ ይሽኑ። ማለስለሻ ይጠቀሙ። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ የማይጫን፣ እርስዎ ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩበት አቀማመጥ ይምረጡ። ሕመም በበዛበት ቀን ሌላ ዓይነት መቀራረብ ይበቃል። እያመመዎት መቻል አይጠበቅብዎትም፤ ሰውነት ያንን ሕመም ያስታውሰዋል፣ በሚቀጥለውም ጡንቻው ቀድሞ ይጨመደዳል።

መዳኛ አለው ወይ ላሉት፣ አንዴ ወስደውት ለዘላለም የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚረዳውን ቅንጅት ሲያገኝ ሕመሙ ይቀንሳል፣ እንቅልፉ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ጨርሶ ጸጥ የሚልላቸውም አሉ። አንድ ሕክምና ሲሞከር በቂ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልሠራ ይቆማል፣ ሌላ ይሞከራል። የማይሠራ መድኃኒት እየጨመሩ መደራረብ ሕክምና አይደለም።

ልጅ መውለድ ይችላሉ። ይህ ሕመም መሐን አያደርግም። በእርግዝና ጊዜ የሚቀልላቸው አሉ፣ የሚብስባቸውም አሉ፤ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የሚያስፈልገው ማርገዝ ማሰብዎን ለሐኪምዎ አሁኑኑ መንገር ነው፤ የመድኃኒቱ ምርጫ ይለወጣልና። ለምሳሌ ዲኤምኤስኦ በእርግዝና አይመከርም። የሚወስዱትንም በራስዎ ጊዜ በድንገት አያቋርጡ፤ ተመካክራችሁ ቀስ ብሎ ይቀንሳል። የፊዚዮቴራፒው፣ የመተንፈሱና የምግቡ ነገር ግን በእርግዝናም ይቀጥላል። ስለዚህ ለማርገዝ ካሰቡ ከወዲሁ እነዚህን ያጠንክሩ፣ የሦስት ቀኑን ማስታወሻና እስከ ዛሬ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) ወይም በዳሌ ሕመም ላይ ወደሚሠራ የማሕፀን ሐኪም ይሂዱ።